የጋሽ ሩብ ሙሽራ

መነጽር ሠሪው በሰፈሩ የሚታወቁት ጋሽ ሩብ በሚለው ስም ነው። የመነጽር ጉልበት የሚጨመረውም የሚቀነሰውም በሩብ በሩብ ነው፤ እሳቸው ግን ነገሩን ከሱቃቸው አውጥተው ዓለምን በሙሉ በሩብ ይለኩ ጀመር። ሻይ ሲቀርብላቸው "ስኳሩ ሩብ ይቀረዋል" ይላሉ። አጠገባቸው ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ አንድ ቀን በገዛ እጇ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ "እንዴት ነው ጋሼ?" ብትላቸው፣ ከላይ እስከ ታች አይተው "ደህና ነው፤ ትከሻው ላይ ሩብ ጎድሎታል" አሏት። ሴትየዋ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈቻቸው። ከጋሽ ሩብ አፍ ሙሉ ምስጋና የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ሚስታቸውን እንኳ "ምን የመሰለች ሴት ነበረች" ያሉት ከቀበሯት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለማን ጆሮ።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ይህ አስቀድሞ ይባልላቸው፤ ኋላ ላይ የሚሠሩትን የሚሰማ ሰው ቸኩሎ እንዳይፈርድባቸው። ችግራቸው ሌላ ነው፤ ሆዳቸውና ምላሳቸው ተዋውቀው አያውቁም።

ሱቃቸው ፊትና ጓዳ ናት። ከፊት መስታወት የለበሰ ባንኮኒ፣ ግድግዳው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ ፊደላት ያሉበት ሰሌዳ፣ ደንበኛ የሚቀመጥባት አንዲት ወንበር አለ። ከጓዳ ሌንስ የሚሞርዱበት ማሽን ተቀምጧል። ድንጋዩ ሲሽከረከር ሌንሱ ግሎ እንዳይሰነጠቅ ከላይ ውኃ ይንጠባጠብበታል፤ በዚህ የተነሳ ጓዳዋ ዓመት እስከ ዓመት እርጥብና የታፈነች ናት። የጋሽ ሩብን ጉልበት የሚቆረጥመው ይኸው እርጥበት ነው። ሙሽራዋን ያፋፋትም እሱ ነው።

ሙሽራ የተባለችው ቅጠል ናት። ያመጣቻት ልጃቸው ነች። ልጅቱ በአንድ የምርምር እርሻ ውስጥ፣ በመስታወት ቤት፣ ተክል ስትንከባከብ ቆይታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል አለቃዋ ከእናቲቱ ተክል አንዲት አንጓ ቆርጦ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ ሰጣት። ዝናብ ከማያቋርጥበት ሩቅ ጫካ፣ ፀሐይ በወንፊት ተነፍታ ከምትወርድበት፣ ከትልልቅ ዛፎች እግር ሥር የምትበቅል ዘር ናት። በገዛ አገሯ እንኳ ፈልጎ የሚያገኛት ጥቂት ሰው ነው ብሎ ነግሯታል። በከተማው ውስጥ ሁለተኛ የላትም።

የምታሳየው አበባ የላትም፤ ያላት ቅጠል ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት ቅጠል! የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሁለት መዳፍ ጎን ለጎን ቢዘረጋ የሚያክል፣ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ። በላዩ ነጭ ጅማቶች እንደ ጥልፍ ወርደውበታል፤ ሲገለብጡት ጀርባው ወይን ጠጅ ነው። ልጅቱ እርጥበቷ እንዳይበን ብላ በስስ ላስቲክ ትሸፍናት ነበርና፣ ልብስ ሰፊዋ ባየቻት ቀን "ውይ፣ ዓይነ ርግብ የለበሰች ሙሽራ አትመስልም!" አለች። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ጠባይዋም የሙሽራ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከነካት ትቃጠላለች፣ አየሩ ከደረቀ ጠርዟ ይኮማተራል፣ እግሯ ሥር ውኃ ከተኛ ታኮርፋለች። አንድ ቅጠል እስክትወልድ ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ቀጭን ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይተረተራል፤ ተዘርግቶ እስኪጠነክር ድረስ ቦታዋን ከለወጡባት ቅጠሉ ተጣሞ ይቀራል። ጋሽ ሩብ ይህን ሁሉ የተማሩት በጥፋት ነው። አቧራ አይወዱምና አንድ ቀን የሌንስ መወልወያ ጨርቃቸውን አውጥተው አንዱን ቅጠል አሳምረው ወለወሉት። ከፋይ ሲወለወል ምን እንደሚሆን ልብስ ሰፊዋን ቢጠይቁ በነገረቻቸው ነበር፤ የጣታቸው መንገድ ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ አልጠፋም። ልጅቱ መጥታ አየችና "አባዬ፣ ይኼ እኮ መነጽር አይደለም" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸውም ሳቁ። ያኔ አብረው ይስቁ ነበር።

ነገር የተበላሸው ልጅቱ የሚያገባት ሰው ስታገኝ ነው።

ሰውየው ከሱቃቸው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የእግረኛ መሄጃው ላይ ሣጥን ገልብጦ፣ በላዩ ጣውላ አጋድሞ፣ ተሠርቶ ያለቀ የማንበቢያ መነጽር የሚሸጥ ወጣት ነው። ደንበኛው ከጣውላው ላይ አንድ በአንድ እያነሳ ይሞክራል፣ አሮጌ ጋዜጣ ይሰጠዋል፣ ያነበበበትን ይዞ ይሄዳል። ለጋሽ ሩብ ይህ ሰውን ከነዓይኑ ማታለል ነው። "ግራና ቀኝ ዓይኑ እኩል የሆነለት ሰው የት ታውቃላችሁ?" ይላሉ። እውነት አላቸው። ሰው ግን ለእውነት ብሎ ወረፋ አይጠብቅም፤ ደንበኞቻቸው አንድ ሁለት እያሉ መንገዱን ተሻገሩ። በመጨረሻ ልጃቸውም ተሻገረች።

ወጣቱ አጎቱን አስከትሎ ሊጠይቃት በመጣ ቀን፣ ጋሽ ሩብ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አስመጥተው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ "ልጄ ዓይኗ ደህና ነበር" አሉ። "ከጣውላህ ላይ አንዱን አድርጋ ነው መሰለኝ አንተን ሰው ብላ ያየችህ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጎትየው ሻዩን ሳይነካ ተነሳ። ወጣቱ ጆሮው ድረስ ቀላ። ልጅቱ ሻዩን አንስታ ደፋችና ብርጭቆዎቹን አጠበች። ብዙም ሳይቆይ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። አባት አልተገኙም። ቀኑን ሙሉ ማንም ያላዘዛቸውን ሌንስ ሲሞርዱ ዋሉ፤ ሞርደው ሞርደው ከየትኛውም ፍሬም የሚያንስ አደረጉት።

ልጅቱ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ወጣች። ሙሽራዋን ግን መውሰድ አልሆነላትም። ከመስኮቱ ጋር የተቸነከረ እንጨት ላይ ተጠምጥማ ሥር ሰድዳለች፤ በዚያ ላይ አዲስ ቅጠል ይዛለች። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ማሽኑ አድርጋ፣ "ይኼ ቅጠል እስኪጠነክር ትቆይ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አያታለሁ" አለች። እሳቸውም ለማሽኑ "በሩ ክፍት ነው" ብለው መለሱለት።

አባትና ልጅ እንዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ቅዳሜዎች ተጀመሩ።

እውነቱን ሳናድበሰብስ እንናገረው፤ ጋሽ ሩብ ከቅዳሜ በቀር ሌላ ቀን አልነበራቸውም። ልጅቱ ከወጣች ወዲህ ባዶ ቤት መግባት አስጠልቷቸው ታጣፊ አልጋ ገዝተው እዚያው ጓዳ ይተኙ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ጢማቸውን ይላጫሉ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳሉ፣ ባንኮኒውን ሁለት ጊዜ ይወለውላሉ። የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ ግን ብሎን የጠፋባቸው ይመስል አጎንብሰው ወለል ይፈልጋሉ። ስትገባ ቀና ብለው "አንቺ ነሽ እንዴ?" ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ከወዲያ ሆና ትሰማለች፤ "የለም፣ የቀበሌ ቆጣሪ ናት" እያለች ለራሷ ትስቃለች።

ጨዋታቸው ከቅጠሏ አያልፍም።

"ውኃ አጠጣሃት?"

"ሐሙስ።"

"አበዛህባት?"

"እንዳልሽው ነው ያደረግኩት።"

"ጫፏ ቡኒ ብሏል።"

"ብርድ ይሆናል።"

በዚህ መሃል ግን ብዙ ነገር ይባባላሉ። ጋሽ ሩብ ሳል ይዟቸው ድምፃቸው የሻከረ ጊዜ፣ ልጅቱ ቅጠሏን ብቻ እያየች "ይቺ ጓዳ ሌሊት ትቀዘቅዛለች" አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አምጥታ ታጣፊው አልጋ ላይ ጣል አደረገችው። "መስኮቱ ብርድ ያስገባል። ለሙሽራዋ ነው" አለች። እሳቸውም "አስቀምጪው" አሉ። ከአልጋው ላይ አንስተው አጣጥፈው መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። እንዲህ ያለ ሰው እንግዲህ ምን ይባላል?

ቅጠሉ ጠነከረ። ሁለተኛ ወጣ፣ እሱም ጠነከረ። ልጅቱ በእያንዳንዱ "ገና ናት፣ አንድ ትጨምር" ትላለች፤ ጋሽ ሩብም እፎይ ይላሉ። ሦስተኛው ጥቅል ጫፉን ብቅ ባደረገበት ቅዳሜ ግን ልጅቱ እንጨቱን እየነካካች፣ "ባለቤቴ ሣጥን እየሠራላት ነው" አለች። "ከነእንጨቷ የሚይዛት። ይኼኛው ሲጠነክር እወስዳታለሁ።"

ጋሽ ሩብ "ጥሩ" አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ልጅቱ ከወጣች በኋላ ታጣፊ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሙሽራዋን አዩአት። እስከዚያን ቀን ድረስ የምትፈሩት ምንድን ነው ቢባሉ እንዳትሞትብኝ ነው ባሉ ነበር። አሁን ሌላ ፍርሃት መጣባቸው። ከሞተች ልጃቸው የምትመጣበት ምክንያት አይኖርም። ካማረባትም ልጃቸው የምትመጣበት ምክንያት አይኖርም። ሙሽራዋ መኖር ያለባት ሳትሞትም ሳትጠነክርም ነው።

ጋሽ ሩብ ብርሃንን ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የለፉበት ነው። አዲስ ቅጠል የሚሠራው በብርሃን እንደሆነም ልጃቸው ነግራቸዋለች። እሑድ ጠዋት ስስ ጨርቅ ፈልገው መስኮቱ ላይ ሰቀሉ። "ሩብ ብቻ" አሉ ለራሳቸው። "ሩብ ብትቀንስ ምን ትሆናለች?" ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁን አውርደው አልጋ ሥር ወሸቁት። ልጅቱ ስትመጣ ጥቅሉ ካለፈው ሳምንት ንቅንቅ አላለም ነበር። "ምን ነካት?" አለች። "ጊዜ ትፈልግ ይሆናል" አሏት፤ ከፊታቸው ላይ አንዳች ነገር እንዳይነበብባቸው ዞር ብለው ማሽኑን አስነሱት። ልባቸው በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ በልጃቸው ፊት ዓይናቸውን በጨው አጥበው መቆማቸው አሳፈራቸው። ደስታውና እፍረቱ ጎን ለጎን ሆነው ዋሉ።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስሱን ጨርቅ አንስተው ያንን የሱፍ ብርድ ልብስ በሚስማር ሰቀሉት። ከእሑድ እስከ ዓርብ ጓዳዋ እንደ መሸ ትውላለች፤ እሳቸው በአምፖል ይሠራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ይወርዳል። ጥቅሉ በመጨረሻ ሲተረተር ቅጠሉ የወንድሞቹን ግማሽ የማያክል፣ መልኩም የገረጣ ሆኖ ወጣ። ልጅቱ አንገቷን አዘንብላ ብዙ አየችው። "እንዲህ ሆና አትነሳም" አለች። "መንገድ ላይ ትሞትብኛለች።" ጋሽ ሩብ "እንግዲህ ትቆያለቻ" አሉ። የዚያን ዕለት ሻይ አስመጡላት፤ ቁጭ ብላ ጠጣችው። ከተጣሉ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሻይ ናት፤ ጋሽ ሩብም ስለ ስኳሩ ምንም አላሉም።

ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ብርሃን ያጣ ተክል ውኃ አይጠጣም። እሳቸው ግን ልጃቸው ያዘዘችውን አክባሪ ናቸው፤ ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ ነው፣ አንድ ጣሳ ከሆነ አንድ ጣሳ። በጨለማ ውስጥ ያቺኑ አንድ ጣሳ እየጨመሩ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ሌላ እየደረቡ ቀጠሉ። ጓዳው መሽተት ሲጀምር ከማሽኑ ሥር ውኃ የሚጠራቀምበት ሣህን ነው ብለው አወጡና ፈተጉት። ሽታው አልለቀቀም። አንድ ረቡዕ ሌንስ ሲሞርዱ ከኋላቸው እንደ ወረቀት ያለ ድምፅ ሰሙ። ዞር ሲሉ ትልቁ፣ የመጀመሪያው ቅጠል ወለሉ ላይ ወድቋል።

ብርድ ልብሱን ቦጭቀው ጣሉት። ግንዷን ቢነኩት የበሰበሰ ሙዝ ያህል ለሰለሰባቸው። ውኃ አቆሙ፣ አፈሩን በማንኪያ ጫሩ፣ ማራገቢያ አስነስተው አዞሩባት። ምን እንደሚደረግ የምታውቀው ልጃቸው ብቻ ናት። እሷን ማስጠራት ደግሞ ቀላል ነበር፤ መንገዱን ተሻግሮ ለጣውላው ባለቤት "ሚስትህን ጥራልኝ" ማለት ነው። ጋሽ ሩብ እስከ ሱቃቸው በር ድረስ ሄዱ። ወጣቱ ከማዶ ቀና ብሎ አያቸው። ሰላም ሊል እጁን ከፍ ሲያደርግ ጋሽ ሩብ ተመልሰው ገቡ። ሐሙስ እንዲሁ በሩ ድረስ ሄዱ፣ እንዲሁ ተመለሱ። በዓለም ላይ ስንት ሰፊ ነገር አለ፤ የጋሽ ሩብን መንገድ ያህል የሰፋ ግን አልታየም።

ቅዳሜ ልጅቱ በሩን ገፋ ስታደርግ ሽታው ተቀበላት። "አንቺ ነሽ እንዴ?" የሚላት አልነበረም። ጓዳ ገብታ ተንበረከከች፤ ግንዷን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና ጣቷን አሸተተች። የቀረው ያ የገረጣው ትንሹ ቅጠል ብቻ ነው፣ እሱም አጎንብሷል። ልጅቱ እናቷ የሞተች ጊዜ እንዳለቀሰችው፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እንባዋን ሳትጠርግ አለቀሰች።

"በእኔ ነው" አለች። "እኔ ነኝ የገደልኳት።"

"አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ሣጥኑ ከተሠራ ስንት ጊዜው! 'እንሂድና እናምጣት እንጂ፣ የኛ ቤት እኮ ብርሃን አለው' ብሎ ስንቴ ለመነኝ። እኔ ነኝ ገና ናት፣ አንድ ቅጠል ይቀራታል እያልኩ የዋሸሁት። እሷ እኮ ገና ድሮ ጠንክራ ነበር። ያኔ ብወስዳት ይኼ አይደርስባትም።"

ጋሽ ሩብ ግድግዳውን ተደገፉ። "ለምን ዋሸሽው?"

"ለምን ይመስልሃል?" ቀና ብላ አየቻቸው። "እሷን ከወሰድኩ በኋላ ምን ብዬ ነው እዚህ የምመጣው?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ሲተርቱት የኖሩት ነገር በራስ ላይ ሲደርስ ተረት አይመስልም። ጋሽ ሩብ በዚያች ሰዓት ዝም ቢሉ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ልጅቱ ጥፋቱን ለራሷ አንስታለች፤ እሳቸው ከጎኗ ቁጭ ብለው "አይዞሽ" ቢሉ አባት ሆነው ይታዩ ነበር። ይህን ድፍረት ከየት እንዳመጡት ባይታወቅም፣ "አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ" አሉ።

"ምን ማለት ነው?"

"ብርሃን ከለከልኳት። መስኮቱን እየሸፈንኩ።"

"ሳታውቅ ነው?"

"የለም። እንዳትጠነክር ብዬ ነው። ከጠነከረች ትወስጃታለሽ።"

ልጅቱ ዓይኗ ወለሉ ላይ የተጣለው ብርድ ልብስ ላይ ሄደ። አንስታ ዘረጋችው። ጠርዙ ላይ ሚስማር የበሳቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል።

"ይኼን እኮ ላንተ ነው ያመጣሁት" አለች። "ያስልህ ነበር።"

"ለሙሽራዋ ነው አልሽኝ።"

"አንተም አመንከኝ?"

ልጅቱ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ከማሽኑ አጠገብ ያለውን ቢላዋ አነሳች። የበሰበሰውን ከታች እየቆረጠች፣ እያየች፣ እንደገና እየቆረጠች ወደ ላይ ወጣች። በመጨረሻ ከገረጣው ቅጠል ሥር አንዲት ጠንካራ፣ አውራ ጣት የምታክል አንጓ ቀረች። እርጥብ ጥጥ ጠቀለለችባት። ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ እየመጣባት ነው።

"ልትጎዳ ከፈለግክ እኔ ነበርኩልህ። እሷ ምን አደረገችህ?" አለች። "አባዬ፣ 'ነይ' ማለት ይኼን ያህል ይከብዳል?"

አንጓዋን በላስቲክ አድርጋ በጉያዋ ይዛ ወጣች። እንደ ወትሮዋ "ቅዳሜ" አላለችም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ሩብ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዝ ለብሰው ዋሉ። በእያንዳንዱ ኮቴ ጎንበስ አሉ። የገባው ደንበኛ ነበር፣ ፖስተኛ ነበር፣ የመንገድ አቅጣጫ የሚጠይቅ እንግዳ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ስትዘጋ ብቅ ብላ "ጋሼ፣ ልጅቷ ዛሬ አልመጣችም?" አለች። "ትመጣለች" አሏት። ባዶው እንጨት አሁንም ከመስኮቱ ጋር እንደተቸነከረ ነው፤ ሊነቅሉት እጃቸው አልሄደላቸውም።

የሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣችም። ልብስ ሰፊዋ በዚህኛው ቀን አልጠየቀችም፤ ገብታ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ነገሩን ግድግዳው ስስ ስለሆነ እንደሰማችው፣ ሰምታም እንዳሳዘናት ፊቷ ይናገራል።

"ዛሬም ትመጣለች ብለው ነው የተላጩት?"

"ትመጣለች።"

"ይቀመጡ እንግዲህ። ለመሆኑ ጋሼ፣ በዚህ ቤት እግር የተሰጣት እሷ ብቻ ናት?"

ጋሽ ሩብ ተቆጡ። ተነስተው "በሰው ነገር አትግቢ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አልወጣም። ከዚያ ኮታቸውን ከሚስማሩ አወረዱና፣ "ሱቁን እይልኝ" ብለው ወጡ።

መንገዱን ሲሻገሩ መኪና ጡሩንባ ነፋባቸው። ወጣቱ ለአንድ ሽማግሌ ጋዜጣ እያስነበበ ነበር። ጋሽ ሩብን ሲያይ መነጽሮቹን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ፤ ለጠብ የመጡ መስሎታል።

"ጋሼ፣ ቦታው ካስቸገረዎት እነሳለሁ።"

"ቤታችሁ ወዴት ነው?"

ወጣቱ እጁን ከመነጽሮቹ ላይ አነሳ። "ሩቅ ነው እንዳልል ሩቅ አይደለም። በእግር ነው፤ ዳገት አለው።"

"ግድ የለም።"

ወጣቱ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቆ፣ ጣውላውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ አጠገቡ ላለችው ካልሲ ሻጭ "አደራ" ብሎ ከፊት ቀደመ። ወጣቱ ቶሎ ቶሎ ይሄድና ዞር ብሎ ሲያያቸው ይቆማል። አንድ ቦታ የፍሳሽ ክዳን ተነስቶ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፤ ወጣቱ ምንም ሳይል ክርናቸውን ያዛቸው። ጋሽ ሩብ እጃቸውን ሊነጥቁ ፈለጉ፣ ግን አልነጠቁም። ጉድጓዱን ካለፉ በኋላም ሰውየው ክርናቸውን አልለቀቀም፤ እሳቸውም እንዲለቅ አላሉትም። ልጄ የመረጠችው ይህን ነው ብለው አሰቡ። ያን ቀን የተናገሩት ነገር ከነቃሉ ትዝ አላቸው፤ ዳገቱ ሳይሆን እሱ ነው ትንፋሽ ያሳጠራቸው።

ቤቱ በውጭ ደረጃ የሚወጣ፣ ሁለት ክፍል ነው። ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። በሩ አጠገብ ለሙሽራዋ ከአዲስ እንጨት የተሠራው ትልቅ ሣጥን የጫማ ማስቀመጫ ሆኗል። ወጣቱ በሩን ቢከፍተውም አልገባም፤ ደረጃው ላይ ወደ ኋላ ቀረ።

ልጅቱ የወለል መጥረጊያ ይዛ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ብቅ አለች። መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ ባሏን፣ እንደገና አባቷን አየች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ቅጠሏን ልታይ ነው?" አለች።

ከልማድ ይሁን ከርኅራኄ አይታወቅም፤ መውጫ ሰጠቻቸው። "አዎ" ቢሉ ያልቃል። ገብተው ያያሉ፣ ሥር አወጣች ወይ ይላሉ፣ ውኃዋ ይለወጥ ይላሉ፣ ቅዳሜ ደግሞ እመጣለሁ ይላሉ። ጋሽ ሩብ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንዲህ ያለ በር ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አንጓዋ ትዳን አትዳን ማወቅም አጥብቀው ይፈልጉ ነበር።

"የለም" አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም የሌላ ሰው መሰላቸው። "እሷን አይደለም። አንቺን ናፍቄ ነው የመጣሁት። እሱንም ይቅርታ ልጠይቅ።"

ፊቷ አልተፈታም፤ በአንድ ቃል የሚፈታ ነገር አልነበረም። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ከበሩ ላይ ገለል አለች።

"ግባ" አለች። "ወለሉ እርጥብ ነው፣ ቀስ ብለህ።"